የሚሞሪና የኤስኤስዲ ዋጋ፦ ጥፋቱ ሁሉ የዶላር አይደለም

ክቡር አዘጋጅ፦

ፍላሽ፣ ሚሞሪ ካርድና ኤስኤስዲ (በሀርድ ዲስክ ፋንታ ኮምፒውተር ውስጥ የሚገባው ባለ ቺፕ ዲስክ) ለምን ተወደደ ተብሎ ሲጠየቅ ከሻጭም ከገዢም የሚሰማው መልስ አንድ ነው፦ «ዶላር ነዋ!» ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ መልሱ ይበልጥ አሳማኝ ሆኗል፤ እውነትነትም አለው። ሙሉ እውነት ግን አይደለም። ምንዛሪ በሁሉም የውጭ ዕቃ ላይ እኩል ነው የሚያርፈው። ኪቦርድና ማውዝ ባሉበት ቆመው ኤስኤስዲ ብቻውን ሽቅብ የሚወጣበት ጊዜ ካለ ምክንያቱን ሌላ ቦታ መፈለግ ይገባል።

ያ ሌላ ቦታ ቺፑን የሚያመርቱት ጥቂት ፋብሪካዎች የሚፋለሙበት ገበያ ነው። ፍልሚያው ደግሞ አንድ ሜዳ ላይ አይደለም፤ የሰርቨሩ (የብዙ ሰው መረጃ ይዞ የሚያገለግለው ትልቅ ኮምፒውተር)፣ የስልኩ፣ የላፕቶፑና የሚሞሪ ካርዱ ገበያ ለየብቻ ነው። ጅማ ሄርማታም ሆነ መርካቶ ሱቅ መደርደሪያ ላይ የሚደርሰን ከፊተኞቹ ገበያዎች የተረፈው ነው። ይህን ያላወቀ ገዢ፣ በተለይም በጨረታ የሚገዛ መሥሪያ ቤት፣ ወይ ለማያስፈልገው ጥራት ገንዘብ ያፈሳል፣ ወይ ደግሞ ለከባድ ሥራ ቀላሉን ዕቃ ገዝቶ በዓመቱ ይጥላል።

በመጀመሪያ አምራቾቹን እንለይ። ፍላሽ ሚሞሪን (እነዚህ ሁሉ ዕቃዎች የሚሠሩበትን የቺፕ ዓይነት) የፈለሰፉት በቶሺባ ይሠሩ የነበሩት ጃፓናዊው ፉጂዮ ማሱኦካ ናቸው፤ ኖር የሚባለውን ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1984፣ ናንድ የሚባለውን በ1987 ለዓለም አቀረቡ (ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው የውጭ ዓመታት ሁሉ እንዲሁ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ዛሬ ፎቶና ፋይል የምናስቀምጥበት ሁሉ ናንድ ነው። ናንድን በብዛት የሚያመርቱት በጣት ይቆጠራሉ፦ የደቡብ ኮሪያዎቹ ሳምሰንግና ኤስኬ ሃይኒክስ፣ እስከ 2019 ቶሺባ ሚሞሪ ይባል የነበረው የጃፓኑ ኪዮክሲያ፣ የአሜሪካዎቹ ማይክሮንና ሳንዲስክ፣ የቻይናው ያንግትዜ ሚሞሪ። ሳንዲስክ በ2016 በዌስተርን ዲጂታል ተገዝቶ ቆይቶ በ2025 መጀመሪያ ተመልሶ ራሱን ችሏል። ኤስኬ ሃይኒክስ ደግሞ የኢንቴልን የናንድ ሥራ በ9 ቢሊዮን ዶላር ጠቅልሎ ሶሊዳይም የሚባል ኩባንያ አቋቁሞበታል።

ኪዮክሲያና ሳንዲስክ ሱቅ ውስጥ ተቀናቃኝ ናቸው፤ ጃፓን ውስጥ ዮካይቺና ኪታካሚ ላይ ያሉት ፋብሪካዎች ግን የጋራቸው ናቸው። ስለዚህ በ2019 ዮካይቺ ላይ ለ13 ደቂቃ ያህል መብራት ሲጠፋ፣ በ2022 መጀመሪያም ለምርት የሚያገለግል ግብዓት ተበክሎ ሲገኝ ሁለቱም አብረው ተመቱ፤ ከዓለም አቅርቦት ላይም ብዙ ጎደለ። (አሥራ ሦስት ደቂቃ እኛ ዘንድ መብራት ጠፋ አያሰኝም፤ በሂደት ላይ ያለ፣ ቺፖች የሚቆረጡበት የሲሊከን ሰሌዳ ግን በዚያ ፋታ ውስጥ ይበላሻል።)

ኪንግስተን፣ ኤዳታ፣ ትራንሴንድና ሌክሳር ራሳቸው የናንድ ፋብሪካ የላቸውም። ቺፑን ከእነዚያ ከስድስቱ ገዝተው፣ መቆጣጠሪያውን (የቺፑን ንባብና ጽሕፈት የሚመራውን ክፍል) ብዙውን ጊዜ እንደ ፊሰንና ሲሊኮን ሞሽን ካሉ የታይዋን ኩባንያዎች ወስደው ገጣጥመው ይሸጣሉ። ይህ ነውር የለበትም። ነገር ግን ዛሬ የገዙት ኪንግስተንና የዛሬ ስድስት ወር የሚገዙት ኪንግስተን ሆዳቸው ውስጥ የተለያየ አምራች ቺፕ ሊኖር እንደሚችል ማወቅ ይጠቅማል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። 300 ሚሊሜትር ስፋት ካለው ከአንድ የሲሊከን ሰሌዳ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቺፖች ይቆረጣሉ። ሁሉም እኩል ሆነው አይወጡም። እያንዳንዱ ቺፕ ገና ከፋብሪካው ሲወጣ የማይሠሩ ክፍሎች አሉበት፤ ፋብሪካው ያንን መዝግቦ ነው የሚያወጣው። ጥሩ የወጡት ለሰርቨርና ለስልክ ይሄዳሉ። ፈተናውን ያላለፉት ግን አይጣሉም፤ በዝቅተኛ ደረጃ፣ ብዙ ጊዜም የአምራቹ ስም ሳይጻፍባቸው ተሽጠው ርካሽ ፍላሽና ሚሞሪ ካርድ ውስጥ ይገባሉ። የሽያጩም መንገድ እንዲሁ በደረጃ ነው። ትልልቆቹ የሰርቨርና የስልክ ኩባንያዎች ዋጋና መጠን በውል ያስራሉ። ከውሉ የተረፈው ነው በዕለት ዋጋ ለገጣጣሚዎች የሚቀርበው፤ ከእነሱ ጓንግዡ ወይም ዱባይ፣ ከዚያ አዲስ አበባ መርካቶ፣ ከዚያ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጅማ። ፋብሪካው ምርት ሲቀንስ በውል ያልታሰረው ነው ቀድሞ የሚጎድለው፤ ምርት ሲትረፈረፍም ቀድሞ የሚረክሰው እሱ ነው። ለዚህ ነው የእኛ ዋጋ ከሌላው ዕቃ ይልቅ እንደ ፔንዱለም የሚወዛወዘው።

ያለፉት ጥቂት ዓመታት ይህንኑ አሳይተዋል። በ2022 ማብቂያና በ2023 ስልክና ላፕቶፕ ገዢ ጠፋ፤ ቺፑ በየመጋዘኑ ተከመረ፤ አምራቾቹ በኪሳራ ሸጡ፤ ሳምሰንግ ሳይቀር በ2023 ምርት እንደሚቀንስ አስታወቀ። ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ዋጋ ተነሣ። ከዚያ ደግሞ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ሰርቨሮች መጡ። ሶሊዳይም በ2024 ያስተዋወቀው የሰርቨር ዲስክ 122.88 ቴራባይት ይይዛል፤ ያንን የሚያህል ቺፕ ወደ ካርድ ቢቀየር 64 ጊጋ የሚይዝ 1,920 ሚሞሪ ካርድ ይወጣዋል። የሰርቨር ደንበኛ በአንድ ጊዜ በሺዎች የሚቆጠሩ ዲስኮች ያዛል፣ ደህና ይከፍላል፣ ውል ይፈርማል። አምራቹ ማንን እንደሚመርጥ መገመት አያዳግትም። ማይክሮን በታኅሣሥ 2025 ክሩሻል በሚለው ስም ለተራው ገዢ ያቀርብ የነበረውን ሥራ እንደሚያቆም ያስታወቀው ለዚሁ ነው፤ ምክንያቱን አልደበቀም፣ አቅርቦቱን ለትልልቅ ደንበኞች ለማዋል ነው ያለው። ስለዚህ ዶላር ነገ ጠዋት ቢረክስ እንኳ የኤስኤስዲ ዋጋ አብሮት ይወርዳል ማለት አይደለም።

ፉክክሩ በዋጋ ብቻ አይደለም። ሳምሰንግ በ2013 ሴሎችን (መረጃ የሚያዝባቸውን የቺፑን ጥቃቅን ክፍሎች) እንደ ፎቅ መደራረብ ሲጀምር 24 ንብርብር ነበር፤ ዛሬ ኤስኬ ሃይኒክስ 321 ደርሷል። ለገዢው የበለጠ የሚያሳስበው ግን አንዷ ሴል ውስጥ ስንት ቢት (ዜሮ ወይም አንድ የምትባል ትንሿ መረጃ) ይታጨቃል የሚለው ነው። ኤስኤልሲ አንድ ቢት ይይዛል፤ መለየት ያለበት ሁለት የቮልቴጅ ደረጃ ብቻ ስለሆነ እስከ መቶ ሺህ ጊዜ ሊጻፍበት ይችላል። ኤምኤልሲ ሁለት ቢትና 4 ደረጃ፣ ቲኤልሲ ሦስት ቢትና 8 ደረጃ፣ ኪውኤልሲ አራት ቢትና 16 ደረጃ አላቸው። ደረጃዎቹ በተጠጋጉ ቁጥር ሴሉ ሲያረጅ አንዱን ከሌላው መለየት ይቸግራል። በዚህም ምክንያት ቲኤልሲ ከአንድ እስከ ሦስት ሺህ ጊዜ፣ ኪውኤልሲ ሺህ ጊዜ ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነው የሚጻፍበት። አምራቹ ዕቃውን ሲሸጥ ይህን የሚገልጸው ቲቢደብሊው በሚባል ቁጥር ነው፤ በዋስትናው ዘመን ስንት ቴራባይት ቢጻፍበት ኃላፊነት እንደሚወስድ ማለት ነው። ባለ 1 ቴራ ሆነው ቲኤልሲው ሳምሰንግ 990 ፕሮ ቲቢደብሊው 600፣ ኪውኤልሲዎቹ ሳምሰንግ 870 ኪውቪኦ 360፣ ክሩሻል ፒ3 ደግሞ 220 ነው። ሦስቱም ሱቅ ውስጥ «አንድ ቴራ ኤስኤስዲ» ተብለው ይጠራሉ።

ይህን የሰማ ሰው ኪውኤልሲን እንደ ጠላት ያያል፤ እዚህ ላይ አንስማማም። ደብዳቤ የሚጽፍ፣ ኤክሴል የሚሞላ የቢሮ ኮምፒውተር በቀን 20 ጊጋባይት ይጻፍበታል ብንል (ብዙም ነው) በዓመት 7.3 ቴራባይት ይሆናል። 220 ቴራባይት የሚችለው ዲስክ በዚህ ስሌት 30 ዓመት ይበቃል፤ ኮምፒውተሩ ቀድሞት ያረጃል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ውዱን መግዛት ብክነት ነው። የኪውኤልሲ ችግር ሌላ ነው፦ ብዙ ፋይል በአንድ ጊዜ ሲገለበጥበት ይዝላል። መጀመሪያ የሚመጣውን ፋይል እንደ ኤስኤልሲ በሚሠራ ጊዜያዊ ቦታ ይቀበላል፤ ያ ሲሞላ ፍጥነቱ ይወድቃል። ሳምሰንግ ራሱ ባወጣው መግለጫ መሠረት ባለ 1 ቴራው 870 ኪውቪኦ 42 ጊጋባይት ያህሉን በሰከንድ 530 ሜጋባይት ይቀበልና ከዚያ ወደ 80 ሜጋባይት ይወርዳል። 200 ጊጋ የሰርግ ቪዲዮ የሚገለብጥ ሰው የመጀመሪያዎቹን 42 ጊጋ በሰማንያ ሰከንድ ይጨርሳል፤ የቀረው 158 ጊጋ 33 ደቂቃ ይወስድበታል። ተራ ሀርድ ዲስክ ከዚህ ይፈጥናል። ዲስኩ እየሞላ ሲሄድ ደግሞ ጊዜያዊው ቦታ እስከ 6 ጊጋባይት ይጠብባል። ለቪዲዮ አቀናባሪ እንግዲህ ቲኤልሲ፣ ለጸሐፊ ኪውኤልሲ።

የሞዴል ስም ብቻውን ዋስትና አለመሆኑንም እንጨምር። ክሩሻል ፒ2 ገበያ ሲገባ ቲኤልሲ ነበር፤ በ2021 በዚያው ስም ኪውኤልሲ ሆኖ ተገኘ። በዚያው ዓመት ዌስተርን ዲጂታል ኤስኤን550 ውስጥ ያለውን ቺፕ ለውጦ ጊዜያዊው ቦታ ከሞላ በኋላ ያለው ፍጥነት ወርዶ ሲታወቅ፣ ኩባንያው አምኖ ወደፊት እንዲህ ዓይነት ለውጥ ሲያደርግ የሞዴል ቁጥር እንደሚቀይር ተናግሯል። ከሁለት ዓመት በፊት ኢንተርኔት ላይ የወጣ የሙከራ ውጤት ዛሬ በእጅዎ ስላለው ዕቃ ላይመሰክር ይችላል።

ስለ ቻይናው ያንግትዜም አንድ ነገር። ኩባንያው በ2016 ዉሀን ላይ ተመሥርቶ በፍጥነት ትልልቆቹን የተጠጋ ነው፤ አሜሪካ በታኅሣሥ 2022 የንግድ ክልከላ መዝገብ ውስጥ ያስገባችው ደካማ ስለሆነ አይደለም። ቺፑ በብዙ የቻይና ስም ኤስኤስዲዎች ውስጥ ይገኛል። «የቻይና ነው» ብሎ በደፈናው መጣል ልክ አይደለም፤ መጠየቅ ያለበት ቺፑ ሙሉ ደረጃውን ያሟላ ነው ወይስ ፈተናውን ወድቆ የተሸጠ የሚለው ነው። ዋስትና የሚሰጥ፣ ቲቢደብሊው የሚጽፍ፣ የታወቀ አስመጪ ያለው ከሆነ ደህና ነው። ማሸጊያው ላይ «ሃይ ስፒድ» ከሚል ጽሑፍ ሌላ ምንም ከሌለ ይለፉት።

በስልክ ገበያ ብዙ አንቆይም፤ ገዢው ቺፕ የመምረጥ ዕድል የለውምና። ርካሾቹ ስልኮች ኢኤምኤምሲ፣ ውዶቹ ዩኤፍኤስ የሚባል ማስቀመጫ ይዘው ይመጣሉ፤ ዩኤፍኤስ እያነበበ መጻፍ ስለሚችል ነው ስልኩ የሚቀለጥፈው። አሮጌ ስልክ የሚገዛ ሰው ግን ጥገና ቤት የኢኤምኤምሲውን የዕድሜ መለኪያ እንዲያነቡለት ይጠይቅ። መለኪያው ከ1 እስከ 11 ነው፤ 1 ማለት ከዕድሜው እስከ 10 በመቶ ተበልቷል፣ 10 ማለት ከ90 በመቶ በላይ አልቋል፣ 11 ማለት አልፎበታል። ስልኩ እየተንቀረፈፈ፣ ራሱን እያጠፋና እያበራ፣ ሶፍትዌር ሲጫንበትም መሀል ላይ የሚቆም ከሆነ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ እዚህ ነው፤ ሶፍትዌር ደጋግሞ መጫን የቀረችውን ዕድሜ ከመጨረስ ያለፈ አይረባም።

ፎርጂዱ የሚበዛው ከሁሉም ዝቅ ባለው የፍላሽና የሚሞሪ ካርድ ገበያ ነው። «2 ቴራ» ተብሎ በጥቂት መቶ ብር የሚሸጥ ፍላሽ አለ። ሒሳቡን እንሥራው። በአሁኑ ጊዜ ከተለመዱት ትልቅ ከሚባሉት ቺፖች አንዱ 1 ቴራቢት ይይዛል፤ በስምንት ሲካፈል 128 ጊጋባይት ነው። 2 ቴራባይት ለመሙላት 16 ቺፕ ያስፈልጋል። የ16 ቺፕ ዋጋ ከፍላሹ ዋጋ ብዙ እጥፍ ነው። ውስጡ ያለው ብዙ ጊዜ 8፣ 16 ወይም 32 ጊጋ ብቻ ነው፤ መቆጣጠሪያው ለኮምፒውተሩ «እኔ 2 ቴራ ነኝ» ብሎ እንዲዋሽ ተደርጓል። ፋይል ሲጻፍ ይቀበላል፣ ስሙንም ያሳያል፣ መጠኑንም ልክ አድርጎ ይነግራል። እውነተኛው ቦታ ካለቀ በኋላ ግን የሚመጣውን ወይ ይጥለዋል፣ ወይ ከመጀመሪያው ተነሥቶ በነበረው ላይ ይደርበዋል። ለዚህ ነው የፎቶው ስም እያለ ግማሹ ግራጫ የሚሆነው፣ ቪዲዮውም አልከፈት የሚለው። የፋይሎቹ መዝገብ መጀመሪያው ላይ ስለሚቀመጥ ዝርዝሩ ጤነኛ ይመስላል፤ የጠፋውን በሪከቨሪ ሶፍትዌር ማምጣትም አይቻልም፣ መጀመሪያውኑ አልተጻፈማ።

መፈተኛው ቀላል ነው፣ ነፃም ነው። ዊንዶውስ ላይ ኤች2ቴስትደብሊው፣ ሊኑክስ ላይ ኤፍ3 የሚባሉት ፕሮግራሞች ካርዱን ከዳር እስከ ዳር ሞልተው መልሰው ያነቡታል። ባዶ ካርድ ላይ ነው መሞከር ያለበት። 64 ጊጋውን በሰከንድ 10 ሜጋባይት የሚጽፍ ካርድ ለመሙላት ብቻ አንድ ሰዓት ከ47 ደቂቃ ይፈጃል፤ ሱቅ በር ላይ ቆሞ የሚጠበቅ አይደለም። ስለዚህ ሲገዙ «ነገ ፈትኜ ካልሆነ እመልሳለሁ» ተባብሎ ደረሰኝ ይዞ መሄድ ነው። ይህን እሺ የማይል ነጋዴ መልሱን ሰጥቷል። ባለ 64 ጊጋ ካርድ ኮምፒውተር ላይ 59 ጊጋ ገደማ ቢል ግን አይጨቃጨቁ፤ አምራቹ በሺህ፣ ኮምፒውተሩ በ1,024 ስለሚቆጥሩ ነው። በ1 ቴራውም 931 ነው የሚታየው።

ካርድ ላይ የሚጻፉት ምልክቶች ትርጉም አላቸው። ክብ ውስጥ ያለው 10፣ ዩ ቅርጽ ውስጥ ያለው 1 እና ቪ10 ሦስቱም ቢያንስ በሰከንድ 10 ሜጋባይት መጻፍ ይችላል ማለት ነው፤ ዩ3 እና ቪ30 ደግሞ 30። በጉልህ የሚጻፈው «100 ሜጋባይት በሰከንድ» የንባብ ፍጥነት እንጂ የመጻፊያው አይደለም። በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚቀርጽ ፎር ኬ ካሜራ የሚፈልገው 12.5 ሜጋባይት ነው፤ ቪ30 ይበቃዋል፤ 64 ጊጋም 85 ደቂቃ ያህል ያስቀርጻል።

የሱቅና የቤት ካሜራ ግን ለየት ያለ ጉዳይ ነው፤ ካርድ በጣም የሚሞተው እዚያ ነው። አንድ ካሜራ በሰከንድ 2 ሜጋቢት ቀን ከሌት ቢቀርጽ በቀን 21.6 ጊጋባይት ይጽፋል። 32 ጊጋ ካርድ በአንድ ቀን ተኩል ይሞላል፤ በዓመት 246 ጊዜ ያህል ከዳር እስከ ዳር ይጻፍበታል። ካሜራው በትናንሹ እየቆራረጠ ስለሚጽፍ መቆጣጠሪያው ውስጥ ለውስጥ ደጋግሞ ያዛውራል፤ ይህ አራት እጥፍ ነው ብንል ወደ ሺህ ጊዜ ይጠጋል፤ ይህ ደግሞ ደካማ ካርድ የሚሞትበት ቁጥር ነው። ካሜራው ባለበት ሆኖ ካርዱ 128 ጊጋ ቢሆን በዓመት 62 ጊዜ፣ በአራት ሲባዛ 250 ገደማ ብቻ። ስለዚህ ለካሜራ በመጠን ተለቅ ያለ፣ «ኢንዱራንስ» የሚል ስም ያለው ካርድ (ሳንዲስክም ሳምሰንግም ያወጣሉ) ይገዛ። ብዙ ካርድ ሲያረጅ ለመነበብ ብቻ ክፍት ሆኖ መጻፍ ያቆማል፤ ካሜራው ግን መብራቱ እየበራ የሚቀርጽ ይመስላል። ሌባው ከመጣ በኋላ የሚታወቅ ነገር ነው። በወር አንዴ የትናንቱን ቅጂ ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል።

ናንድ ለዘላለም ማስቀመጫ አለመሆኑንም ማንሳት ግድ ነው። በሴሉ የታሰረው ኤሌክትሮን ቀስ እያለ ያመልጣል። ኢንዱስትሪው በሚመራበት መስፈርት የተራ ገዢ ኤስኤስዲ የመጻፊያ ዕድሜው ሲያልቅ ያለ ኃይል በ30 ዲግሪ ሙቀት ለ1 ዓመት፣ የሰርቨሩ ደግሞ በ40 ዲግሪ ለ3 ወር ፋይሉን እንዲጠብቅ ነው የሚጠበቀው። አዲስ ዕቃ ከዚህ እጅግ ይበልጣል፤ ያረጀውንና ቆርቆሮ ጣራ ሥር መሳቢያ ውስጥ የተጣለውን ግን አይመኑት። የትምህርት ቤት ማርክና የክሊኒክ ካርድ መረጃ በአንድ ፍላሽ ብቻ ማስቀመጥ አደጋ ነው፤ ሁለተኛው ቅጂ ሀርድ ዲስክ ላይ ይሁን። የጅማ ዝናብና እርጥበት ደግሞ የፍላሹን ጫፍ ያሻግታል፤ 90 በመቶ አልኮል በነካ ጥጥ መጥረግ አልነበብ ያለውን ብዙውን ይመልሰዋል።

ከናንድ ወጥተን ወደ ኖር ስንመጣ ፉክክሩ ሌላ መልክ አለው። ትልልቆቹ ገንዘቡ ትንሽ ነው ብለው አብዛኛውን ሜዳ ለቀውለታል፤ ዛሬ የሚፋለሙበት በዋናነት የታይዋኖቹ ዊንቦንድና ማክሮኒክስ፣ የቻይናው ጊጋዲቫይስ፣ ለመኪና ደግሞ ኢንፊኒየን ናቸው። ይህች የኖር ቺፕ፣ መሣሪያው ሲበራ የሚነሣበትን ሶፍትዌር ይዛ፣ በዲሽ ሪሲቨር፣ በራውተርና በላፕቶፕ ማዘርቦርድ ላይ ስምንት እግር ይዛ ተቀምጣለች፤ 25ኪው64 ወይም 25ኪው128 የሚል ይነበብባታል። ቁጥሩ ሜጋቢት ነው፤ 64 ማለት 8 ሜጋባይት ነው። ተለዋጭ ሲገዛ መጠኑ ብቻ አይታይም። የዊንቦንዷ መጨረሻ ኤፍቪ ወይም ጄቪ ከሆነ 3.3 ቮልት፣ ኤፍደብልዩ ወይም ጄደብልዩ ከሆነ 1.8 ቮልት ነች። ጊጋዲቫይስ ላይ 25ኪው ባለ 3.3፣ 25ኤልኪው ባለ 1.8፤ ማክሮኒክስ ላይ 25ኤል ባለ 3.3፣ 25ዩ ባለ 1.8 ናቸው። የ1.8 ቮልቷን ያለ አስማሚ በ3.3 መጻፍ ቺፗን ያቃጥላታል። በየጥገና ቤቱ ያለው ርካሹ ጥቁር ሲኤች341ኤ መጻፊያ ደግሞ ኃይሉን በ3.3 እየሰጠ የመረጃ መስመሮቹን በ5 ቮልት የሚነዳ አለው፤ ከመጠቀም በፊት በመልቲሜትር ይለካ።

የቺፗን ሶፍትዌር እንደገና የመጻፉ ሥራ ሲሠራ መጀመሪያ ቻርጀርም ባትሪም፣ የሰዓቷ ባትሪ ጭምር ይነቀላል። የቆንጣጩ (ቺፗን ነክሶ ከመጻፊያው ጋር የሚያገናኘው) ቀይ ሽቦ ነጥብ ያለባት እግር ቁጥር 1 ላይ ይውላል። ያለውን ሶፍትዌር ሁለት ጊዜ አንብቦ ሁለቱን ፋይሎች ማነጻጸር ነው፤ ካልተመሳሰሉ ቆንጣጩ አልያዘም ወይም ቦርዱ ኃይል እየሳበ ነው፣ ቺፗ መነቀል አለባት። የነበረውን ሳያስቀምጡ መደምሰስ ትልቁ ጥፋት ነው፤ የላፕቶፑ ሲሪያልና የዊንዶውስ ቁልፍ፣ የሪሲቨሩም መለያ እዚያ ውስጥ ነው ያለው። ደምስሶ፣ ጽፎ፣ አረጋግጦ መጨረስ። አንዳንድ ሪሲቨር የሚያውቀው የጥቂት አምራቾችን መለያ ኮድ ብቻ ስለሆነ የዊንቦንድ ቦታ ላይ ጊጋዲቫይስ ሲገባበት ይበራል እንጂ ማዘመኛ አይቀበልም፤ በተቻለ መጠን የዚያኑ አምራች መልሶ ማድረግ ይሻላል።

ወደ መሥሪያ ቤቶቻችን ስንመለስ፣ የጨረታ ሰነዳቸው ላይ «1 ቴራባይት ኤስኤስዲ» ብቻ ተጽፎ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ሲያሸንፍ እናያለን። አቅራቢው ሕግ አልጣሰም፤ የተጠየቀውን ነው ያቀረበው። ሰነዱ ሥራውን ይለይ። ለጸሐፊና ለሒሳብ ሠራተኛ፦ 256 ወይም 512 ጊጋባይት፣ የቺፕ ዓይነት አይገደድም፣ ቢያንስ 3 ዓመት ዋስትና። ለቪዲዮ፣ ለካርታና ለምርምር ሥራ፦ 1 ቴራባይት፣ ቲኤልሲ፣ ከ600 ያላነሰ ቲቢደብሊው፣ 5 ዓመት ዋስትና። ለሰርቨር፦ መብራት ድንገት ሲጠፋ በእጁ ያለውን ጽፎ የሚጨርስበት የኃይል ማቆያ ካፓሲተር ያለው። ይህች የመጨረሻዋ ለኛ ከተማ ዋና ነች። ኤስኤስዲ የትኛው ፋይል የት እንዳለ የሚያሳይ መዝገብ ውስጡ ይይዛል፤ መብራት እየጻፈ ሳለ ሲቋረጥ መዝገቡ ከተበላሸ ዲስኩ ሙሉ በሙሉ አይታይም፣ ወይም ዜሮ ጊጋ ሆኖ ይቀርባል። የተራ ገዢ ኤስኤስዲ ላይ ይህ ካፓሲተር ብዙውን ጊዜ የለም፤ ስለዚህ ሰርቨር ውስጥ ርካሹን ከትቶ ያለ ዩፒኤስ ማብራት አይገባም። ስታብላይዘር ቮልቴጅ ያስተካክላል እንጂ መብራት ሲሄድ አያቆይም፤ ሁለቱን አንድ አድርገው የሚገዙ አሉ።

ዕቃ ተረካቢ ኮሚቴውም ካርቶን ቆጥሮ አይፈርም። ከቀረበው ውስጥ ጥቂቱን በዕጣ ያውጣ፤ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም የበራበትን ሰዓትና የተጻፈበትን መጠን ያንብብ። አዲስ የተባለ ዲስክ ሺህ ሰዓት ሠርቶ ከተገኘ ከሌላ ማሽን የተነቀለ ነው። ከዚያ ባዶውን ዲስክ እስከ 90 በመቶ በትልልቅ ፋይሎች ይሙላና ፍጥነቱ የት ላይ እንደሚወድቅ፣ ስንት ላይም እንደሚቆም ይመዝግብ፤ በግማሽ ቀን የሚያልቅ ሥራ ነው። ያ ወረቀት ከርክክቡ ሰነድ ጋር ይያያዝ፤ በዋስትናው ዘመን ክርክር ቢነሣ የሚቀርበው እሱ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
በኮምፒውተርና በስልክ ጥገና ሙያ የተሰማሩ ባለሙያዎች
ጅማ